በአራት ሜትር ላይ ያለው ድንጋይ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15

የጎረቤቴ የሴቬሪን የበረዶ ጋሪ ውሾች ጉዳይ እስከ ኮፐንሃገን መድረስ አለበት። አሥራ አንድ ናቸው። አሥሩ ሲያላዝኑ ደስ ይላል፤ መዘምራን ይመስላሉ። አሥራ አንደኛው ግን ዜማ ይስታል። ያውም በእኔ መስኮት ሥር ቆሞ። ዛሬ ሄጄ "ለዚህ ውሻህ መዝሙር አስተምረው" አልኩት። "አንተን ሲያይ ነው እንዲህ የሚያደርገው" አለኝ። ለማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ሁለት ገጽ ሞላሁ... ተው እንጂ ኤኖክ። በስልሳ ሦስት ዓመትህ ሰው በውሻ ትከሳለህ?

ነገ ኒቪካ ትመጣለች፣ የእህቴ ልጅ። የባሕር ወለል የምትለካው መርከብ ላይ የልኬቱ ኃላፊ ሆና! መቅዘፍ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ይህንንም ለመንደሩ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ስልሳ ስምንት ሰው ብቻ ስለሆንን ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 16

መጣች። የባሕር አውሬውን የአቆስጣን ሥጋ ሾርባ ሠራሁላት። ሁለት ሳህን በላች። ከዚያ የወሽመጣችንን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ነጭ ብቻ።

"ይህ ነጩ ምንድን ነው?"

"ማንም ያልለካው ነው፣ አጎቴ። ከታች ምን እንዳለ አይታወቅም።"

"እኔን ጠይቂኛ።"

"አንተን ኮምፒዩተር ውስጥ ማስገባት አይቻልማ።"

በነጩ መሐል አንዲት ትንሽ መስቀል አለች። ዙሪያዋን በነጠብጣብ ክብ ታጥራለች። ድንጋይ ናት አለችኝ፤ ከውኃው ገጽ አራት ሜትር ዝቅ ብላ የተቀመጠች። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት አንድ ዓሣ አጥማጅ "አለች" ብሎ የተናገረላት። ስሙ አልተጻፈም።

ሾርባው ትን አለኝ።

ዕቃ ጫኟ መርከብ ወሽመጣችን የማትገባው በዚህች መስቀል ምክንያት ነው። ዕቃችንን ሌላ ደሴት ላይ ታራግፋለች። ከዚያ በትንሽ ጀልባ ይመጣል፣ ማዕበሉ ሲፈቅድ። ባለፈው የብርድ ወራት ሱቃችን ስድስት ሳምንት ባዶውን ከረመ። ሁለት ቤተሰብ ለቅቆ ሄደ። መርከቧ እንድትገባ መስቀሏ መነሣት አለባት፤ የወደባችን አፍም መለካት አለበት። ኒቪካ ያላት አራት ቀን ነው። ድንጋዩን መፈለግ ሦስት ቀን ይወስዳል። የወደቡ አፍ ደግሞ ሁለት ቀን።

"አይበቃማ" አልኩ።

"አይበቃም። ተራችሁ እንደገና እስኪደርስ አሥር ዓመት ነው። ማን ይሆን ግን ይህን የተናገረው ሰውዬ?"

"ጥሩ ሰው ይመስለኛል" አልኳት።

እኔ ነኛ! ማንም የማያውቀውን እዚህ ልጻፈው። ያኔ ሴቬሪን እንደ ጥላ ይከተለኝ ነበር። መንጠቆ የጣልኩበት ሁሉ ይጥላል። ከወሽመጡ መሐል አንድ ጥልቅ ጉድጓድ አገኘሁ። ከዚያ የሚወጣው ጠፍጣፋ ዓሣ በር ያህላል። በዚያው ሰሞን አንድ ካርታ ሠሪ መጣና "አደገኛ ቦታ ታውቃለህ?" አለኝ። ሴቬሪን አጠገቤ ቆሟል... አፌ ራሱ ተናገረ። ጀልባዬ ላይ ያለውንም ጭረት አሳየሁ። ጭረቱ የመጣው ባሕር ዳር ካለው ጠጠር ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቬሪን እዚያ ደርሶ አያውቅም። እኔም ሰው ሳያየኝ በሰላም አጠመድኩ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17

ድንጋይ ፍለጋ የኒቪካ መርከብ ላይ ወጣሁ። ካፒቴኑ ቶርበን የሚባል ትሑት ዴንማርካዊ ነው። "ኤኖክ፣ ቦታውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እባክዎ ከፊት ቆመው ይጠብቁልን" አለኝ። ምን ልበል? ከፊት ቆምኩ። ቀኑን ሙሉ፣ ራሴ የፈጠርኩትን ድንጋይ እየጠበቅሁ! መርከቧ እንደ ኤሊ ትሄዳለች። መሣሪያው ድምፅ ወደ ታች ይልካል፣ የሚመለሰውን ይሰማል፣ ይጽፋል። አምስት መቶ አርባ ሜትር። አምስት መቶ ስልሳ። ቶርበን ግን መሪውን ጨብጦ ላብ በላብ ሆኗል። አንድ ጊዜ "ምን አዩ?" ብሎ ጮኸ። ያየሁት ወፍ ነው። ቀኑ ሊያልቅ ሲል እኔም መፍራት ጀመርኩ... ቢኖርስ?

ማታ እራት ላይ ነገርኳት።

"ኒቪካ፣ ድንጋዩ የለም።"

"እንዴት አወቅህ?"

"እኔ ነኝ የፈጠርኩት።"

ሹካዋን አስቀመጠች። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

"ልጅ ሆኜ 'እዚያ እንዳትሄጂ፣ ጀልባሽን ይበላል' ትለኝ ነበር። በሕልሜ እየመጣ ያስለቅሰኝ ነበር እኮ!"

"ለደኅንነትሽ ብዬ..."

"ለዓሣህ ብለህ!"

እውነቷን ነው። "እንግዲያው ከካርታው አጥፊው፤ ያስገባሁት እኔ፣ የማስወጣው እኔ" አልኳት።

"አይሆንም። ድንጋይ አለ ለማለት የአንድ ሰው ቃል ይበቃል። የለም ለማለት ግን መለካት ነው።"

"ጳጳሱ ቢምሉልሽስ?"

"እሳቸውም ወርደው ይለኩ።"

ይኸኔ ትንሽ ፈገግ አለች መሰለኝ። መውጫው አንድ ነው አለችኝ። የመንደሩ ጀልባዎች ሁሉ ጥልቀት መለኪያ አላቸው። እሷ ደግሞ ልኬቱን የሚመዘግቡ ትንንሽ ሣጥኖች ይዛለች። ጀልባዎቹ ጎን ለጎን ከመርከቧ ጋር ከሄዱ የቀረው ክብ በግማሽ ቀን ያልቃል። ግን ለምን እንደሚሄዱ አንድ ሰው ሊነግራቸው ይገባል። የዓሣ ጉድጓዴንም ሁሉም በየመለኪያው ያየዋል።

"ሴቬሪንም?"

"እሱማ ዋናው ነው። ትልቁ ጀልባ የማን ሆነና?"

እሑድ፣ ነሐሴ 18

ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ተናገርኩ። የሱቋ ቢቢያኔ ቀድማ አፏን ከፈተች። "ሠላሳ ስድስት ዓመት! ለሠርጌ ያዘዝኩት ስኳር በልጄ ክርስትና ላይ የደረሰው በአንተ ነዋ!" ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። የሰደበኝም አለ፤ ስድቡን እዚህ አልጽፈውም፣ ጥሩ ስድብ ነበር ግን። ሴቬሪን አልሳቀም፣ አልተሳደበም። ጫማውን ሲያይ ቆየ። "ጀልባዬ በስንት ሰዓት ነው የምትፈለገው?" ብሎ ሄደ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ጀልባ ተሰለፈ። ጉድጓዱ ላይ ስንደርስ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር። ከታች ዓሣው ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል። የሴቬሪን ጀልባ ቀስ አለች። ከሩቅ ባርኔጣዬን አነሣሁለት። እጁን አላነሣም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 19

የወደቡን አፍ ይለካሉ። ሁለት ጀልባዎች ጉድጓዴ ላይ ሲያጠምዱ በመነጽር አየሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

አለቀ! የወደቡ አፍ ሠላሳ ስምንት ሜትር ጥልቀት አለው፣ ጥርት ያለ መንገድ። ኒቪካ መርከቧ ላይ ጠርታ ኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጠችኝ። "ና፣ በገዛ ጣትህ።" ቁልፉን ተጫንኩ። መስቀሏ ጠፋች። በምትኳ ጉድጓዱ በሰማያዊ ቁልጭ ብሎ ወጣ፣ ከነቁጥሩ፣ ለዓለም ሁሉ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስለ ዓሣው ነው? አይደለም መሰለኝ። አንገቴን አቅፋ "ስድስት መቶውን ሜትር አራት ብሎ የለካ አጎት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ" አለችኝ። ታርቀናል። ዕቃ ጫኟ መርከብም ለመጪው ዓመት እንድትመጣ ይጻፍላታል።

ይህን እየጻፍኩ ደጄ ተንኳኳ። እኛ ጋ ደጅ አይንኳኳም፣ ዝም ብሎ ይገባል እንጂ። ፖሊስ መሰለኝ። ከፈትኩ... ሴቬሪን! ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ደጄን ረግጦ አያውቅም። በብብቱ የተጠቀለለ ካርታ ይዟል።

"ልጅቷ ሄደች?"

"ጠዋት ነው የምትሄደው። ግባ።"

አልገባም። ካርታውን እዚያው ደጃፉ ላይ ዘረጋው። የሰሜኑ ወሽመጥ ነው። ጣቱን አንዲት መስቀል ላይ አሳረፈ። ነጠብጣብ ክብ አላት። እኔ እሱ "ድንጋይ አለች" ስላለኝ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ በማዕበል ሳይቀር፣ በሩቁ ስዞራት የኖርኩት መስቀል!

ቀና ብሎ አላየኝም።

"ይችን ለማንሣትስ" አለ፣ "ስንት ጀልባ ያስፈልጋል?"