ስለ ሐዳሳና ስለ እቃ ቤቱ ቁልፍ

ለወንድሜ ለአጵሎስ፣ ጆሃንስበርግ

የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሱቁስ? ብርዱስ እንዴት አድርጎሃል? ያ የከረመብህ ሳል ለቀቀህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። ስትደውል አባዬ ስልኩን ስፒከር ላይ ስለሚያደርገውና ሐዳሳም አጠገቡ ስለምትቀመጥ የልቤን ልነግርህ አልቻልኩም። ስለዚህ ይህን ወረቀት ወደ እናንተ በሚመጣው በዘርአብሩክ እጅ ልኬዋለሁ። የምጽፍልህ ተናድጄ ነው፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

እህታችን ሐዳሳ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንዳላለፈች ታውቃለህ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ልትሰማ አልፈለግህም። ምግብ ቀነሰች፣ መዘምራን ጋር መሄዱን ተወች፤ ለጓደኛዋ ለሳባም እኔ ብሞት ለሁሉም ይቀላል አለቻት። ሳባ እያለቀሰች መጥታ ነገረችኝ፤ ዘመኗ ይባረክ። በማግስቱ ሐዳሳን ይዤ ሆሳዕና ሆስፒታል ሄድኩ። ሲስተር ፀደንያ የምትባል ነርስ ለብቻዋ አነጋገረቻትና ቀጠሮ ሰጠቻት። ከዚያ እኔን ጠርታ ቤታችሁ ውስጥ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። የአባዬ የአረም መድኃኒት ሐዳሳ በምትተኛበት ጓዳ እንደሚቀመጥ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። ዛሬውኑ ከቤት አውጡት፣ የእናታችሁንም የደም ግፊት ክኒን ቆልፉበት፣ ቁልፉን አንድ ሰው ይያዝ፣ ልጅቷም ብቻዋን አትደር አለችኝ። እንዲህ ያለው ሐሳብ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በመጣባት ሰዓት አጠገቧ ምንም እንዳይኖር ነው አለች።

አባዬ ያን ቀን እሺ ብሎ ነበር። መድኃኒቱንም ክኒኑንም ጓሮ ወዳለው እቃ ቤት ወሰድናቸው። ቤት ውስጥ ደህና ጓጉንቸር ቁልፍ የነበረው ያንተ ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ አንተ ስትመጣ የምትቀመጥበት ሶፋ አቧራ እንዳይነካው ይኸው ስንት ዓመት ተቆልፎበታል። እሱን አንስቼ እቃ ቤቱ ላይ አደረግሁት።

ቀጥሎ የጸሎት ቡድኑ መጣ። ጸለዩላት፤ እኔም አብሬ ተንበርክኬአለሁ፣ ዛሬም እጸልያለሁ። ከመካከላቸው አንዱ ነፃ ወጥታለች አለ። አንተ ይህን ስትሰማ ለአባዬ ምን እንዳልከው ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። እግዚአብሔር የፈታትን እናንተ ምን ትቆልፉባታላችሁ፣ ይህ አለማመን ነው፣ ሰውስ ምን ይለናል አልከው። ሳምንት ሳይሞላ መድኃኒቱ ወደ ጓዳዋ፣ ቁልፉም ወደ ሶፋህ ክፍል ተመለሰ። ታላቅህ እኔ ነኝ፤ አብሬአቸው የምኖረውም እኔ ነኝ። ቤቱን ያሠራኸው አንተ ስለሆንክ ግን ከጆሃንስበርግ የተናገርከው ከእኔ ቃል በለጠ። ለመሆኑ አንተ ሱቅህ ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ሆነህ የምትሸጠው እምነት አጥተህ ነው? ለስኳርና ለዘይት የሚገባ ጥንቃቄ ለሐዳሳ ሲሆን ኃጢአት የሚሆነው በየትኛው መጽሐፍ ነው?

ሰኞ አባዬ ገበያ ሲሄድ ሁሉንም መልሼ ወደ እቃ ቤቱ አውጥቼ ቆለፍኩበት። ማታ ሲመለስ ተቆጣ። አጵሎስ ሳይል አይሆንም፣ ቁልፉን አምጪ አለኝ። ሐዳሳ ይህን ሰምታ ወደ ጓሮ ወጣች። እንደ እስረኛ ያየናት መስሏት ከፍቷት ይሆናል ብዬ ተከተልኳት። እሷ ግን አቀርቅራ፣ ቁልፉን ለአባዬ እንዳትሰጪው አለችኝ። እሱ ከለመንኩት ይሰጠኛል፣ አንቺ ግን አትሰጪኝም አለችኝ።

ገባህ አጵሎስ? ቆልፉልኝ ያለችው ራሷ ናት። ይህን አንብበህ ሳትውል ሳታድር ለአባዬ ደውልና ቁልፉ ጵርስቅላ ጋ ይቆይ በለው። ስብከት አትጨምርበት። ከዚያ ሐዳሳን አስጠራትና ስለ ፈተናው ሳይሆን ስለ ራሷ ጠይቃት፤ ዝም ብትልም ስልኩን አትዝጋ።

እማዬ ዓይንህ ናፍቆኛል ትላለች፤ አሁን ከሐዳሳ ጋር ነው የምታድረው። አባዬ አኩርፎኛል፤ ቢሆንም ለልጄ ሰላም በይልኝ ብሏል። ሳባ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በየቀኑ ብቅ ትላለች፤ እሷም ሰላም ብላሃለች። ሐዳሳን ምን ልበልልሽ ብላት፣ እሱ ይደውላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

እህትህ ጵርስቅላ
ቦኖሻ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.