ከልጄ ጀምሩ

ኅዳር 3፣ 1996፣ ሐሙስ

ውኃ ዛሬም የለም። ትናንት የቀዳሁት ጀሪካን ግማሹ አለ... ለፊትና ለእግር ይበቃል። ልብሱ ይቆይ።

የዘጠነኛ ሐን የካርታ ፈተና አረምኩ። ግማሹ ክፍል ዓባይን ወደ ደቡብ አፍስሶታል። አንዱ ደግሞ ጣናን ወስዶ ባሌ አስቀምጦታል። ስቄ ግማሽ ማርክ ሰጠሁት፣ ቅርጹን እንኳ አሳምሮታል።

በእረፍት ሰዓት ወርቅአየሁን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ያስተማርኩት ልጅ ነው፣ አሁን ጠበቃ ሆኗል። የፓርቲያችን ቁጥጥር ኮሚቴ ውስጥ አብረን ነን፤ ሦስተኛው ጋሽ ዋቅጅራ ናቸው። ከረባቱን ይፈታል፣ መልሶ ያስራል...

"ቲቸር፣ ማክሰኞ ኤምባሲው ግብዣ ላይ ነበርኩ።"

"እና? በላህ ጠጣህ?"

"አማርኛ የሚችለው ፀሐፊያቸው መጥቶ ጨበጠኝ። ከጥምረቱ መውጣታችሁ ጥሩ ውሳኔ ነው አለኝ።"

ከተቃዋሚ ፓርቲዎቹ ጥምረት አልወጣንም። ስለ መውጣትም ተነጋግረን አናውቅም። የማዕከላዊ ኮሚቴው ስብሰባ ገና እሑድ ነው። ሰውዬው ከሌላ ፓርቲ ጋር ተምታቶበት ይሆናል አልኩት። ወርቅአየሁ ከረባቱን እንደገና ፈታው።

የኤምባሲውን ስም እዚህም አልጽፍም። ልጄ ሰኚ በስኮላርሺፕ የምትማርበት አገር ኤምባሲ ነው። ይኼ ለእኔ ይበቃል።

ኅዳር 6፣ እሑድ

አልተምታታበትም።

ሲግናል ሰፈር ባለው ቢሯችን ውስጥ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ከሥራችን ያለው የመለዋወጫ ሱቅ ሰውዬ ዛሬም ሬዲዮውን ከፍቶታል። አጀንዳው ሁሉ አልቆ "ልዩ ልዩ" ላይ ስንደርስ ሊቀመንበራችን ዶክተር ወልደ ሐዋርያት ተነሡ። ከጥምረቱ እንውጣ አሉ። እንዴት አድርገው ተናገሩት... እሳቸው ሲናገሩ እኮ ሰው ሐሳቡ የራሱ ይመስለዋል።

ከወርቅአየሁ በቀር ሁሉም እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ። ለምን? ሐሙስ የሰማሁትን እያወቅሁ። ልማድ ነው መሰለኝ፣ እሳቸው ካሉ አወጣለሁ።

ኅዳር 8፣ ማክሰኞ

ጋሽ ዋቅጅራ ቤት ሄድን፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ። የቢሮው ስልክም ግድግዳውም አይታመንም። ታክሲው ካወረደን በኋላ ዳገቱ ለብቻው ፈተና ነው፤ ወርቅአየሁ በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማው ሲንሸራተት ሳቄን አፈንኩ።

"አካም ኦልቴ፣ ጫልቱ" ብለው በኦሮምኛ እንዴት ዋልሽ አሉኝ ጋሽ ዋቅጅራ ከበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። ወርቅአየሁ የሰማውን ነገራቸው። አላቋረጡትም።

"ይጣራ ነው የምትለው?"

"ይጣራ። የኤምባሲው ምክር ከሆነ ዶክተር ለምን ደበቁን? ትእዛዝ ከሆነስ?"

"ስማ ልጄ። ለከርሞ ምርጫ አለ። ዛሬ ማጣራት ብንከፍት ነገ የመንግሥት ጋዜጣ ላይ ይወጣል። የባዕድ ተላላኪዎች ይሉናል። ደግሞስ እኛ ከግምገማ ሸሽተን አይደለም ይኼን ፓርቲ ያቋቋምነው? ግምገማውን እዚህም ልታመጣብን ነው?"

"ካልጠየቅናቸውስ ምን ለየን?"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ማጣራት ለመክፈት ከሦስታችን የሁለታችን ድምፅ ይበቃል። አንዱ ይከፈት አለ፣ አንዱ አይከፈት። ጊዜ ስጡኝ አልኩ።

ባለቤቴ በዳዳ ሲሞት ዶክተር ለቅሶ ቤት ከእድርተኛው ጋር ወንበር ሲያነሡ ያየሁት ትዝ አለኝ። ለእሱ ያን ያህል የሆነ ሰው... አሁን ከየት አባቴ ድፍረት አመጣለሁ?

ኅዳር 10፣ ሐሙስ

ዛሬ ትምህርት ቤት ግምገማ ነበር። የእንግሊዝኛ መምህሯን መሠረትን አስነሷት። ጥፋቷ "ከተቃዋሚ ጋር መዋል"። ተቃዋሚዋ እኔ ነኝ፣ መዋል የተባለው ደግሞ ሻይ መጠጣት። አንድ በአንድ እየተነሡ ተናገሩባት። አብሯት ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሳይቀር። በመጨረሻ "ሂሴን ውጫለሁ" ብላ አለቀሰች።

ስንወጣ አላየችኝም። አልተቀየምኳትም፣ የሁለት ልጆች እናት ናት።

ዶክተርንስ እንዲህ ልናደርጋቸው ነው? በዚያ ሽበት? አይሆንም።

ኅዳር 12፣ ቅዳሜ

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ሲያቃጥል ዋለ፣ ዓይኔ አብጧል። ሰኚ እንደ ወትሮዋ ደወለች። ብርዱ ገብቷል አለች፣ ካልሲ ደራርቤ ነው የምተኛው አለች። አንድ ነገር ልጠይቃት ፈለግኩ። ለምን እንደሆነ እኔም አላወቅኩም።

"ሰኚዬ፣ ያኔ ስንት ልጅ ነበር አብሮሽ የተወዳደረው?"

"የምን ውድድር?"

"የስኮላርሺፑ ነዋ። ፈተናው።"

"ማሚ፣ ፈተና መች ነበረ? ኢንተርቪው እንኳን የለም። ዶክተር ስሜን ሰጡ፣ ኤምባሲው ጠራኝ፣ ፓስፖርት አምጪ አሉኝ። በቃ። አታውቂም እንዴ?"

አላውቅም። ዶክተር ወሬውን ብቻ ያመጡልን ይመስለኝ ነበር። ተወዳድራ አለፈች ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ፣ ቸርች ቆመን ምስጋና አቅርበናል። ማን ነበር ተወዳድራ አለፈች ያለኝ? ማንም። ጎበዝ ስለሆነች ሌላ መንገድ ሊኖር ይችላል ብዬ አላሰብኩም።

ስለዚህ የኤምባሲው እጅ እኔም ቤት ገብቷል...

ኅዳር 13፣ እሑድ

ቸርች ሄድኩ። መጸለይ አቃተኝ፣ ተቀምጬ መጣሁ።

ኅዳር 15፣ ማክሰኞ

ዶክተር ቤት ሄድኩ፣ ቀበና። ጽጌረዳቸውን ራሳቸው ሲከረክሙ አገኘኋቸው። ሻይ አስመጡ። ስለ ውኃው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ጉንፋን... ዙሪያውን ስዞር አይተው፦

"ጫልቱ፣ የመጣሽበትን ተናገሪ።"

"ከስብሰባው በፊት ኤምባሲው ውሳኔያችንን ያውቅ ነበር ወይ?"

"ያውቅ ነበር።"

"ማን ነገራቸው?"

"እኔ ነኛ። ሌላ ማን ይነግራቸዋል?" ሻያቸውን አማሰሉ። ድምፃቸው እንኳ አልተለወጠም። "መንግሥትስ ያለ ወዳጅ ብቻውን የቆመ ይመስልሻል? ነገ ለቅመው ቢያስሩን ማን ይጮህልናል?"

"እኛ ግን ገና አልወሰንንም ነበር፣ ዶክተር።"

"መቼ ነው እጃችሁን ሳታወጡ የቀራችሁት?"

እውነታቸውን ነው፣ ያናደደኝም እሱ ነው።

በር ድረስ ሸኙኝ። "ሰኚ ደኅና ናት? ሁለት ዓመት ይቀራታል አይደል? የሚያስፈልጋት ነገር ካለ ንገሪኝ፣ እነግራቸዋለሁ።"

ማስፈራሪያ ነው? ደግነት ነው? ታክሲ ውስጥ ሳወጣ ሳወርድ መውረጃዬን አለፍኩት። እሳቸውም ለይተው የሚያውቁት አልመሰለኝም።

ዋናውን ጥያቄ ደግሞ ሳልጠይቅ መጣሁ። እንውጣ የሚለው ሐሳብ የማን ነበር? የእሳቸው ወይስ የኤምባሲው? ፈራሁ። መልሱን ብሰማ ምን አደርገዋለሁ ብዬ ፈራሁ።

ኅዳር 16፣ ረቡዕ

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እስቲ ቀስ ብዬ ላስበው።

ዶክተር ለእኔ ነገሩኝ። ግን ለእኔ ሻይ ላይ መንገርና ለአባላቱ መንገር አንድ አይደለም። ነገ አላልኩም ቢሉ ማን ያምነኛል?

ይጣራ ብዬ ድምፅ ብሰጥ፣ ልጇን የላከላትን ሰው ከሰሰች ይባላል። አይጣራ ብል፣ ልጇን ስለላከላት ሸፈነችው። ጉዳዩ ይነካኛል ብዬ ድምፅ ባልሰጥስ? ንጹሕ እመስላለሁ... ግን አንድ ለአንድ ይሆንና ነገሩ እዚያው ይሞታል። ዝም ማለትም ድምፅ ነው ለካ።

የመሠረት ግምገማ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። እዚያ ሰው ከመጠየቁ በፊት መልሱ ተዘጋጅቶለታል፣ የቀረው ማልቀስ ብቻ ነው። እኛ ግን መልሱን በእርግጥ አናውቅም። የማያውቁትን መጠየቅ ግምገማ ነው? አይመስለኝም።

ማታ የፓርቲውን ደንብ አውጥቼ አነበብኩ። ስሙ የጠፋ አባል በራሱ ላይ ማጣራት እንዲከፈት መጠየቅ ይችላል፣ ድምፅም አያስፈልገውም ይላል። ጋሽ ዋቅጅራ ናቸው ያኔ ያስገቡት፣ ጋዜጣ ስም ላጠፋበት ሰው ብለው። እስካሁን ማንም አልተጠቀመበትም። ክሰሱኝ የሚል ሞኝ ከየት ይመጣል?

ኅዳር 19፣ ቅዳሜ

ለሰኚ ነገርኳት። ሁሉንም። ስምሽ ሊነሣ ነው፣ ትምህርቱም ሊቋረጥብሽ ይችላል አልኳት።

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ሁለቴ ሃሎ አልኩ።

"ታዲያ እኔ ጎበዝ አልነበርኩም ማለት ነው?"

"ጎበዝ ነሽ። ግን ማንም አልፈተነሽም።"

ስልኩን ዘጋችው። ልጄ ስልክ ዘግታብኝ አታውቅም። አልጋዋ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። እናት የልጇን እንጀራ እንዲህ ትነካለች? አባቷ ቢኖር ምን ይለኝ ነበር? ምናልባት ተዪው ይለኝ ነበር። አላውቅም...

ኅዳር 22፣ ማክሰኞ

ዛሬም እንጦጦ። ሳልቀመጥ ተናገርኩ፣ ከተቀመጥኩ ወኔዬ ይከዳኛል ብዬ።

"በራሴ ላይ ማጣራት ይከፈትልኝ። ልጄ ያለ ፈተና በኤምባሲው ስኮላርሺፕ ሄዳለች፣ ስሟን የሰጡት ዶክተር ናቸው። ይኼን ያወቅሁት አሁን ነው። ከልጄ ጀምሩ።"

ወርቅአየሁ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጋሽ ዋቅጅራ ግን ወዲያው ገባቸው።

"ስምሽን ማን አጠፋው?"

"እስኪጠፋ ልጠብቅ?"

"አንቺን ከጠየቅን ዶክተርን ለምስክርነት መጥራታችን ነው።"

"አዎ።"

"ይኼን አውቀሽ ነው?"

"አውቄ ነው፣ ጋሼ።"

ውጭ ባሕር ዛፉን ንፋስ ያንኮሻኩሸዋል። "ሰው በራሱ ላይ ሲጠይቅ እምቢ ማለት አልችልም" አሉ። "ያን አንቀጽ ያስገባሁበትን ቀን ረገምኩት።" አልተቆጡም ግን። እስከ መንገዱ ወርደው ሸኙኝ፣ በኦሮምኛ ስለ ሰኚ እየጠየቁኝ።

ታኅሣሥ 3፣ ቅዳሜ

ሁለት ሳምንት ዝም ካለች በኋላ... ዛሬ ደወለች።

ስኮላርሺፑ ቢሮ ሄዳ ፈትኑኝ አለቻቸው። ሳቁባት። ለሚቀጥለው ዓመት ግን ራሷ ከሌሎች ጋር ለመወዳደር አመልክታለች።

"ካላለፍኩ እመጣለሁ፣ ማሚ። እዚያም ዩኒቨርሲቲ አለ።"

"ተቀይመሽኛል?"

"ትንሽ።" ከዚያ ደግሞ፦ "ስሜን ግን አንቺ ራስሽ ተናገሪው፣ እሺ? ሌላ ሰው አይናገረው።"

እሺ አልኳት።

ታኅሣሥ 11፣ እሑድ

ዶክተር መጡ። ይቀራሉ ብዬ ነበር። ሱፍ ለብሰው፣ ሰዓታቸውን አክብረው። ወርቅአየሁ ቃለ ጉባኤ ያዘ፣ ጋሽ ዋቅጅራ ጠያቂ። እኔ እንደ ተጠያቂ ለብቻዬ ወንበር ላይ።

የልጄን ስም ራሴ ተናገርኩ።

ዶክተር ስለ ሰኚ የተጠየቁትን ፈገግ እያሉ መለሱ። አዎ ስሟን ሰጥቻለሁ፣ አባት የሌላትን ጎበዝ ልጅ መርዳት ነውር ነው ወይ አሉ። እናቷ ውለታ አለባት ወይ ሲባሉ፣ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም አሉ። እውነት ነው፣ ጠይቀውኝ አያውቁም። እጄ ግን ሁሌ ይወጣ ነበር፤ ይኼንንም ተናገርኩ፣ ተጻፈ።

በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። ጋሽ ዋቅጅራ ከመጀመሪያውም አልፈለጉትም፤ የልጅቷን ጉዳይ ጨርሰው ይዘጉታል ብዬ ነበር። አልዘጉትም። መነጽራቸውን አውልቀው፦

"ዶክተር፣ ከጥምረቱ እንውጣ የሚለው ሐሳብ የማን ነበር? የእርስዎ ነው ወይስ የእነሱ?"

ዶክተር እሳቸውን አላዩም፣ እኔን አዩ። ፈገግታው ጠፍቷል።

"ጫልቱ፣ ይኼን እንዲጠይቁኝ ነው ልጅሽን ያቀረብሻት?"

"አዎ፣ ዶክተር።"

ከእሳቸው ፊት እንዲህ በአጭሩ መልሼ አላውቅም። ቀና ብዬ ጠበቅኳቸው። ይነሣሉ ብዬ ነበር፣ አልተነሡም።

"የእነሱ ነበር" አሉ። "ለአገር ይጠቅማል ብዬ ተቀበልኩት።"

"ይጻፍ" አሉ ጋሽ ዋቅጅራ። ድምፃቸው ደከመ። ከጥምረቱ የመውጣቱ ውሳኔ እንደገና ለማዕከላዊ ኮሚቴው ይቀርባል፣ ይኼም ቃል አብሮ ይነበባል። ጋዜጣው ነገ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ጥሩ አይልም።

ዶክተር ሲወጡ ደረጃው ላይ ክንዳቸውን የያዘላቸው አልነበረም። ሄጄ ያዝኳቸው። ታች ስንደርስ ቀስ ብለው እጄን አላቀቁት።

እራቴን ሳልበላ አነሣሁት። የሰኚ ነገር ነው ብዬ ነበር፣ ቆይቼ ሳስበው ግን ሌላ ነው። ዶክተርን እኮ እወዳቸዋለሁ።