ለአያ በላቸው ያልነገርኳቸው ቁጥር

እማዬ፣ ሰላምታውን ላቆየውና ኑዛዜዬን ላስቀድም። እኔ ልጅሽ ማሬ፣ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን አምናለሁ፦ ለፋሲካ ስመጣ የለበስኩት ነጭ ጋዋን ተሰጥቶኝ ሳይሆን ከምንለማመድበት ክፍል ሳላስፈቅድ በቦርሳዬ ደብቄ ያወጣሁት ነው። የደም ግፊት መለኪያውም እንደዚያው። ስመለስ ሁለቱንም ቦታቸው አስቀምጫለሁ፤ ማንም አላወቀም። ራስሽን ስትነቀንቂ ከዚህ ይታየኛል። ቆይ፣ ገና ነው።

እንግዲህ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ፣ ቁልቁለቱን ስትወርጂ አሁንም ያምሻል? አባዬን ሳሉ ተወው? ላሚቱስ ወለደች ወይስ እንደ ልማዷ እያስጠበቀቻችሁ ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ አካሌ ማለቴ ነው። ስማቸው ወንድሜ፣ የምታነበው አንተ ነህና ስማኝ፦ አያ በላቸው እዚያው ካሉ ወረቀቱን አጥፈህ "የቀረው ሰላምታ ነው" በልና ሲሄዱ ቀጥል። ደብዳቤ መጣ ሲባል ከሁሉ ቀድመው በርጩማ የሚይዙት ጎረቤታችን እሳቸው ናቸውና።

እማዬ፣ እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር፣ ሰው ሞልቷል፤ የሚቆጣኝ ግን የለም። ከየገጠሩ ተመርጠን የመጣነው አስራ ሁለት ነን። ከሰኞ እስከ አርብ ትምህርት ቤት እንውላለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ነገ ነርስም ሐኪምም እንድንሆን ሲስተር ፍሬሰላም የምትባል ነርስ ታለማምደናለች። "ሸጋ ነው" ስል የከተማ ልጆች ይሳሳቃሉ፤ ቀልድ ሳወራ ግን አንዳቸውም አይስቁም። መርፌ የምንለማመደው በላስቲክ ክንድ ነው። እኔ "አያ ላስቲክ" ብዬዋለሁ። ብወጋው፣ ብሰድበው ዝም ነው፤ እንደ መንደራችን ሽማግሌዎች ከዘራ አያነሳብኝም። እሁድ ሁሉም ዘመድ ጥየቃ ሲበተን ቀሐ ወንዝ ወርጄ የጥምቀተ ባሕሩን አጥር ተደግፌ እቀመጣለሁ። በጥምቀት እግር መጣያ የሚጠፋበት ቦታ አሁን ከእኔና ከጥበቃው በቀር ሰው የለበትም። ጥበቃው ባለፈው "ልጄ፣ ሰው ጠፍቶብሽ ነው?" አለኝ። "አዎ፣ አንድ ቀበሌ ሙሉ" አልኩት። እሱም አልሳቀም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የፋሲካ ዕለት ሽማግሌዎቹን በተራ ስለካ አይተሻል። አንዱ ክንዳቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት ሦስት ጊዜ አማተቡ፤ ሌላው መለኪያው ጨመቅ ሲያደርጋቸው "ልጅቱ እጄን ልትወስደው ነው!" ብለው ጮኹ። አያ በላቸው ግን የጠላ ጣሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ክንዳቸውን ሰጡኝ። "እህሳ ዶክተሯ፣ ስንት ዓመት ቀረኝ?" አሉኝ። መለኪያው መቶ ዘጠና በመቶ አስር አለ። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው።

ከፍተኛ መሆኑን አውቄያለሁ እማዬ። ግን ሁሉም አፍ አፌን ያየኛል፤ ቀኑ ደግሞ ፋሲካ ነው፤ መርዶ እንኳ በዓል እስኪያልፍ ይደበቃል። አባዬ "ሴት ልጅ ጎንደር ብቻዋን?" ሲል "ትሂድ፣ ተምራ እኔን ታክመኛለች" ብለው የተከራከሩልኝም እሳቸው ናቸው። ምላሴ እንደ ልማዷ ቀደመችኝና "አያ፣ ይኼማ የሙሽራ ደም ነው፤ ሚዜ ይፈለግልዎ" አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ያን ሳቅ ይዤው መጥቼ እዚህ ስንት ቀን ኖርኩበት።

ሰኞ ዕለት ስማቸው ከጉብታው ላይ ደወለልኝ። አያ በላቸው ማጅራታቸውን ይዟቸው ራሳቸውን በሻሽ አስረው ይውላሉ አለኝ። የጤና ኬላዋ ልጅ ብትለምናቸው "እኔን ማሬ አይታኛለች፤ ይኼ ምች ነው" ብለው መለሷት አለኝ። ልናገር ስል ስልኩ ተቆረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ የለም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሲስተር፣ እንዲህ ያለ ግፊት ያለበት ሰው ቆሞ ሲያወራ ድንገት ግማሽ አካሉ ሊከዳው እንደሚችል አስተማረችን። ሌሎቹ ጻፉ፤ እኔ እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ።

ይህን ወረቀት ከሰዓት በሚነሳው የአይከል መኪና እልከዋለሁ። እንደደረሰሽ አያ በላቸውን በበቅሎ ጭነሽ አይከል ጤና ጣቢያ አድርሽልኝ፤ በእግር እንዳይሆን። ማባበያ ቃል አትፈልጊ፤ መርዶ አይደለም፣ ገና መድኃኒት ያለው ነገር ነው። "ማሬ ዋሽታዎታለች" በያቸው። ይስደቡኝ፤ ስድባቸውም ናፍቆኛል።

ለሲስተር ግን አልነገርኳትም። ዕቃ መውሰዴ ከታወቀ የምባረር ይመስለኛል። በየቀኑ ቤቴን ስመኝ ከርሜ፣ እንዲህ ሆኜ መመለስን ፈራሁ። እሷ ብትሰማ ግን ለጤና ጣቢያው ሰዎች ከመኪናው ቀድማ ትደውል ይሆናል። ይህን እያሰብኩ ምሳ ሰዓት አለፈ፤ የሄዱት ሁሉ ተመልሰዋል።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ትንሿን እናኑን ፀጉሯን ሳልሠራላት ስለሄድኩ ይቅር በይኝ በያት። ስማቸው፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ስላነበብክ ተባረክ። አያ በላቸውን ደግሞ…

ሲስተር በሩ ላይ ቆማ "ማሬ!" አለችኝ። "ምሳ እንኳ ሳትበዪ ምንድን ነው የምትጽፊው?" ወረቀቱን ልሸሽገው ነበር፤ ተውኩት። እንድታነበው ይዤላት ልሄድ ነው።

ማራኪ፣ ጎንደር
ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.