ስለታሰረው የዳማ ሰሌዳችን

ለተከበሩ አቶ ክብሩ
የቀበሌያችን የወጣቶችና ስፖርት ጉዳይ ኃላፊ
ሀዋሳ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብስ፣ ሥራስ፣ ያ የሚያስቸግርዎ ወገብስ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ ትንሽ ደከመን እንጂ። ወደ አሞራ ገደል በሚወስደው መንገድ ዳር ሻይ የማፈላው ታቢታ ነኝ፤ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው ስለጠጡ አይረሱኝም። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ፣ ያጠፋሁት ፊደል ካለ እንደ ትልቅነትዎ ይለፉኝ።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። በረንዳዬ ላይ ያለውን መጫወቻ ሁሉ «የቁማር መሣሪያ» ብለው ስላሸጉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን የእናቶች ጸሎት አስተባባሪ ነኝ፤ ቁማርተኛ መሆኔን ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ደፍሮ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አሁን እንደ ቢሮዎ ወግ በቁጥር ልሂድ።

1ኛ. ልጄ ሄራን የምታሠራውን ፕሌይስቴሽን በተመለከተ፣ እውነቱን ልንገርዎትና እኔም ብዙ አልወደውም። የዩኒቨርሲቲ ልጆች መጥተው በአውራ ጣታቸው ኳስ እየተጫወቱ ያልባቸዋል፤ ጎል የገባበት ሁሉ ጆይስቲኩ ተበላሽቷል ይላል፣ ተቀያይረው ሲጫወቱም ያው የተሸነፈው ነው የሚበላሽበት። ቢሆንም ከየአገሩ የመጣ ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ሲተራረብ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ስላስቀሩልኝ ጸጥታው ተመችቶኛል።

2ኛ. ሉዶ። ለእኔ ከጨዋታ ሁሉ ሉዶ ትበልጣለች፤ ዕውቀት አትጠይቅም፣ ስድስት እስኪወጣልዎ ቤትዎ መቀመጥ ነው፣ ለዚህ ደግሞ ቀበሌ ስንመላለስ በደንብ ሠልጥነናል። ጎረቤቴ ዓይናለም ልገባ አንድ ሲቀረኝ ትበላኝና ይቅርታ እህቴ ትለኛለች፤ ከመበላቱ ይልቅ ይቅርታዋ ያንገበግበኛል። አሁን ከሰዓት በኋላ ተፋጠን እንቀመጣለን፣ የምንጣላበትም ጠፋ።

3ኛ. በስልኬ ከረሜላ የማገጣጥምበትን ጨዋታ ስላላዩት አልወሰዱትም፤ ለሚቀጥለው ያስታውሱ። እሱንም ቢሆን የምጫወተው መብራት ሲጠፋ ነው እንጂ፣ ሲያሸንፉ የሚያመሰግንዎ ስልኩ ብቻ የሆነ ጨዋታ ምኑ ይጥማል?

4ኛ. ደክሞኝም ቢሆን የጻፍኩት ለዳማው ነው። ጎረቤታችን አቶ ታምሩ የዓሣ መረብ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓምና ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው እንደተጨበጠ ቀረ። ሐኪሙ እጁ እንዲሠራ አንድ ነገር አስጨብጧቸው ሲለን የጎማ ኳስ ሰጠናቸው፤ ሕፃን አደረጋችሁኝ ብለው በግራቸው ወረወሩት። የዳማ ቆርኪ ግን አልወረወሩም። እየገፉ፣ እያነሡ፣ ጣታቸው አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር።

በእኛ በረንዳ ገንዘብ አይያዝም። የተሸነፈ የሚከፍለው አንድ ነገር ነው፤ ይነሣና ተራ ለሚጠብቀው ወንበሩን ይለቃል። ፓስተራችንም ተነሥተው ያውቃሉ። እርስዎ ሊጫወቱ በተቀመጡበት በዚያ ቅዳሜ ግን አቶ ታምሩ በዚያች እጃቸው አንግሠው ቆርኪዎን ጠርገው ሲበሉ፣ እርስዎ ይደገም አሉ። ተደገመ፣ ያው ሆነ። ሰው ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ያኔ አቶ ታምሩ ቀስ ብለው፣

«የኔ ልጅ፣ እዚህ የተሸነፈ ይነሣል» አሉዎት።

አልተነሡም። ሰሌዳውን ስናነሣ ነው የሄዱት። ሰኞ ማኅተም ይዘው መጡ።

5ኛ. ሰሌዳው ለማስረጃ መወሰዱን አልተቃወምንም። ማስረጃው አቧራ እንዳይጠጣ በምሳ ሰዓት ከሠራተኞችዎ ጋር እየተጫወቱበት እንደሆነ፣ ሁሉንም እንደሚያሸንፉም ከባለጉዳዮች ሰማን። እንኳን ደስ ያለዎ።

እኛ ለአቶ ታምሩ ካርቶን ላይ መስመር አስምረን ሰጥተናቸው ነበር። አይተው እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ያንን ሰሌዳ ደህና በነበሩ ጊዜ ራሳቸው ናቸው ጠርበው የሠሩት። ሰሞኑን ሻይ ስሰጣቸው በግራ ይቀበሉኛል፤ ቀኙ መልሶ እየተጨበጠ ነው።

ስለዚህ ፕሌይስቴሽኑም ይቆይ፣ ሉዶዬም ትቆይ። ዳማውን ብቻ ይመልሱልን። የማይመለስ ከሆነም አናስቸግርዎም፤ ረቡዕ ጠዋት አቶ ታምሩን በባጃጅ ይዘናቸው ቢሮዎ እንመጣለን፣ እዚያው ማስረጃው ላይ ይጫወታሉ። ተራ መጠበቅ እናውቅበታለን።

ለሕዝብ ጤንነት ሲሉ በሻይ ቤት በረንዳ ሳይቀር ለሚደክሙት ለእርስዎ፣ ጌታ ዕድሜ ጨምሮ፣ ወገብዎንም ለመነሣት እንዲያበረታልዎ እየጸለይኩ፣

አክባሪዎ
ታቢታ ላሚሶ
(ከታሸገው በረንዳ)

ማስታወሻ፦ ረቡዕ ስንመጣ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ሄደዋል፣ የሉም» ብትለን ቅር አይለንም። አቶ ታምሩ ጨዋ ሰው ናቸው፤ «ዘግይተውም ቢሆን ከወንበሩ ተነሥተዋል» ብለው ይይዙልዎታል።