የሶፊያ ሞግዚት ዋጋና የክርስትና ልጃችን

ጥቅምት 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ሙሉሃብት ዘውገ
የሕዝብ አስተባባሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ላሊበላ

ክቡር ጓድ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎን የወይዘሮ ዓለምእሸትንና የሁለቱን ልጆችዎን ጤንነት እጠይቃለሁ፤ ሰሞኑን እንቅልፍ የነሱዎት ሻንጣዎችዎ መሆናቸውንም ስለ ሰማሁ ለእነሱም መልካም መንገድ እመኛለሁ። እኔ ቀድሞ እንግዳ አስጎበኝ የነበርኩት፣ እንግዳው ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ገነተ ማርያም አጠገብ ገብስ የማርሰው ከፋለ ደባሱ ነኝ። ባለፈው ስብሰባ «ሂስ ያለው በየቤቱ ከሚያጉረመርም በግልጽ ያቅርብ» ብለው ስለ መከሩን፣ ምክርዎን አክብሬ ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። የለጠፍኩት ከፎቶግራፍዎ ዝቅ አድርጌ ነው፤ ሥርዓት አላጣሁም።

ለአራት ዓመት ከነቤተሰብዎ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ከተማ እንዲሠሩ መመደብዎ ለመላው ላስታ ኩራት ነው። አንዳንድ ጎረቤቶች ኩራት ብቻ ሳይሆን እረፍትም ነው ይላሉ፤ እኔ በሁለቱም እስማማለሁ።

ከፈረንጅ ጋር ስውል የኖርኩ ሰው በመሆኔ የውጭውን ኑሮ ከእኛው ጋር አነጻጽሬ እንድነግርዎ ቤትዎ ድረስ ማስጠራትዎን ሁልጊዜ በክብር አስታውሰዋለሁ። እኔም የማውቀውን ያህል ስለ ዳቦው፣ ስለ ቤት ኪራዩና ስለ ክረምት ልብሱ አስረዳሁ፤ በርበሬና ሽሮ በዚያ አገር አይገኝም ስላልኩም በማግስቱ የገበሬ ማኅበሩ አባላት በፈቃዳቸው በርበሬና ሽሮ እንዲያዋጡ ታዘዙ። በመጨረሻ ለጨዋታ ያህል፣ አንዲት ጎብኚ ልጇን ለሚጠብቅላት ሰው የደመወዟን ግማሽ እንደምትከፍል አጫውታኝ እንደነበር ነገርኩዎ። ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው! በሚቀጥለው ስብሰባ ወደ ሶፊያ የሚሄደው ቤተሰብዎ አምስት መሆኑን አበሠሩን፤ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ሁለቱ ልጆችዎ፣ አምስተኛዋም «የክርስትና ልጃችን» ያሏት የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ባንችይርጋ። ከዚህ የተነሣ የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ ዝምድናችን። ወይዘሮ ዓለምእሸት ባንችይርጋን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ማንሳታቸው አይካድም። ይሁን እንጂ እርስዎ ጥምቀት የኋላ ቀሮች ልማድ መሆኑን ካስተማሩን ወዲህ ዝምድናው አብሮ የተሻረ መስሎኝ ነበር፤ በዓመት በዓል አንድ ቀሚስ ያልመጣውም፣ ልጅቱ ኩፍኝ ይዟት ስትሰነብት ጠያቂ የጠፋውም ለዚሁ ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ሞግዚት ሲወደድ ዝምድናው ከሞት ተነሥቷልና እንኳን ለዚህ አበቃን።

2ኛ/ ስለ ቁጠባው። ቤቴ ድረስ ዝቅ ብለው መጥተው «ለእናንተም በዚህ ክፉ ዓመት አንድ አፍ ይቀንስላችኋል» ስላሉን ከልብ አመሰግናለሁ። ገብሱ ዘንድሮ እንደማያጠግብ እውነት ነው። ባለቤቴ አሰለችም ይህን ቃል ከሰማች ወዲህ እህል ከአፏ ስለማይገባ፣ ልጅቱ ገና ሳትሄድ አንድ አፍ ቀንሰውልናል፤ እሷ ስትሄድ ሁለት ይሞላል።

3ኛ/ ስለ ትምህርቷ። ባንችይርጋ አምስተኛ ክፍል ናት፤ ከክፍሏም አንደኛ ትወጣለች። እዚያ ትማር እንደሆነ ብጠይቅ ወይዘሮ ዓለምእሸት «ትንሹ ልጅ እስኪጠና እቤት ትሆናለች፣ ከዚያ በኋላ ይታያል» አሉኝ። በመንግሥት ቢሮ ደጅ የጠና ሰው ሁሉ «ይታያል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ልጅቱን ማንም ስላልጠየቃት እኔው ጠየቅኋት፤ እሷም ስትመለስ ስንት ዓመት እንደሚሆናት ጠየቀችኝ። አሥራ ስድስት አልኳት። ቀጥላም፣ እዚያ አገር ባለቅስ ለምን እንዳለቀስኩ በአማርኛ የሚገባው ሰው አለ ወይ አለችኝ። ጓድ ሙሉሃብት፣ እኔ ሳስጎበኝ የስንት አገር ሰው ጥያቄ መልሻለሁ፤ ይህን ግን ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ። ልጄን እወዳታለሁ፤ ይህን እንኳ በሽሙጥ መጻፍ አልሆነልኝም።

እምቢ ማለት አድኃሪ እንደሚያሰኝ ስለማውቅ እምቢ አላልኩም። ልጅነቷ በክርስትና ከሆነ መሸኘቷም በክርስትና ወግ ይሁን ብቻ ነው የምለው። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እርስዎና ባለቤትዎ ገነተ ማርያም ድረስ መጥተው፣ በንስሐ አባቴ በአባ ወልደ ኪዳን ፊት መስቀል ስማችሁ፣ ይህችን ልጅ ከአብራካችን ከወጡት ሳንለይ እናስተምራታለን፣ እናሳድጋታለን ብላችሁ በሕዝብ ፊት ቃል ግቡልኝ፤ እኔም ያንኑ ዕለት ጓዟን ይዤ አስረክባችኋለሁ። ለኮሚቴው ጓዶች ሁሉ ጥሪ አድርጌአለሁ፤ ሊቀ መንበራቸው መስቀል ሲሳለሙ ለማየት አንድም የሚቀር አይመስለኝም። ይህ ዋጋ ከከበደዎ ግን ለሶፊያዪቱ ሞግዚት ከሚከፍሉት ጋር እንደገና አነጻጽረው፣ የቀለለዎን እንዲመርጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከተፈለግሁ አልሸሸግም፤ ገብስ ማሳዬ ላይ ነኝ። ጉዞዎ የተቃና፣ ብርዱም የማይጎዳዎ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ሳልጠየቅ ዘመድዎ የሆንኩት

ከፋለ ደባሱ
(የማይነበብ ፊርማ አልወድም፤ በግልጽ ጽፌዋለሁ)

ግልባጭ፦
ለጉዞ ፈቃድ ሰጪው ክፍል፤ ጓድ ሙሉሃብት ለክርስትና ልጃቸው ስላሳዩት መንፈሳዊ ትጋት ከምስጋና ጋር።

በተረፈ፦ ልጅ የሚይዝ ሰው በእርግጥ ከቸገረዎ፣ ደመወዝ የማይጠይቁት እናትዎ እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ እዚሁ አሸተን ማርያም ሥር ባለችው ጎጇቸው በሕይወት አሉ። ትናንት ምናልባት ይሄዱ እንደሆነ ብዬ ሄጄ ጠይቄአቸው ነበር። እርስዎ በስብሰባ ላይ «እኔ እናቴ አብዮት ናት» ማለትዎን ከሰው ሰምተዋል፤ «እንግዲያው የልጅ ልጆቿን እሷው ትያዝለት» ብለውኛል።