ፊሽካውና ቀዩ መብራት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም።

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን፤ የጎደለን ያንቺ ሳቅ ብቻ ነው።

ደስ የሚል ወሬ ይዣለሁ፤ የሰፈራችን የጎርፍ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜልሻለሁ። ያኔ ጎርፉ ሲመጣ ማስጠንቀቂያው የደረሰው ሥራ ቦታ በነበሩት ወንዶች ስልክ ላይ ነበር። ቤት የነበርን ሴቶች ያወቅነው ውሃው አልጋ ሥር ሲገባ ነው። ዘንድሮ ግን "አሁንስ በቃን" ብለን ስብሰባውን ሞላነው፤ የማስጠንቀቂያው ፊሽካም እኔ አንገት ላይ ዋለ።

ቅዳሜ ልምምድ አደረግን። ገና ስነፋው ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መሸሻችን ኮረብታ ላይ ቀድሞ ደረሰ። "እኔን ሚስቴ ያለ ፊሽካም ታስሮጠኛለች" ሲል በሳቅ ፍርስ አልን።

እማዬ ብቻ ጀርባዋን ሰጥታን፣ እያንጎራጎረች ልብስ ታጥብ ነበር። በኋላ "ለምን አልወጣሽም?" ብላት "አዎ፣ ሳሙናው አልቋል" አለችኝ።

ሰኞ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ከፊሽካው ጋር በየጥጉ ትልቅ ቀይ መብራትም ይብራ ብዬ ድርቅ አልኩ። "ለምን?" ሲሉኝ "ያምራል" አልኳቸው። ስቀው እጃቸውን አወጡልኝ። የመጀመሪያው መብራት በእማዬ መስኮት ትይዩ ተሰቅሏል።

እማዬ አገላብጣ ትስምሻለች። ስትደውዪላት ቶሎ ብትዘጋብሽ አትቀየሚ፤ ደብዳቤ ጻፊላት። በሰላም ያገናኘን። ስትመጪ ግን ከበር ላይ አትጣሪያት፤ ገብተሽ ፊት ለፊቷ ቁሚ።

ታናሽሽ፣ ባለፊሽካዋ