ያለ ካርድ ያዋሱት የጋሼ መሳቢያ የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፤ ወደ ሕይወት ታሪካቸው ከመግባታችን በፊት አንድ ከባድ ጉዳይ በይፋ ማስታወቅ ግድ ሆኖብናል። ዛሬ ጠዋት፣ አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ፣ በእጅ ስልካቸው ላይ ከቤተ መጻሕፍቱ የኦንላይን ሲስተም መልእክት ገብቷል። መልእክቱ «ውድ ባልደረባችን፣ የይለፍ ቃልዎ ጊዜው አልፎበታል፤ በአስቸኳይ ይቀይሩ» ይላል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ከመከረ በኋላ የይለፍ ቃሉ ባለበት እንዲቆይ በአንድ ድምፅ ወስኗል።

ጋሼ መሳቢያ ከአናጢው አባታቸውና የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው በ1957 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ሲሆኑ በቁመት ግን የመጨረሻው ነበሩ። መሳቢያ የሚለውን ስም ያወጡላቸው አንባቢዎች ናቸው፤ ከካርድ መሳቢያዎቹ ጀርባ ሲቆሙ ከግንባራቸው በላይ ብቻ ስለሚታይ ነው።

አባታቸው እጃቸው የተባረከ አናጢ ነበሩ፤ ማንበብ ግን አይችሉም። ይህን ከባለቤታቸውና ከሦስተኛው ልጃቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ደንበኛ የሚፈልገውን ቁም ሣጥን ልክ በወረቀት ጽፎ ሲያመጣ «መነጽሬ ተሰብሮብኛል፤ እስቲ አንተ ልጅ፣ አንብብልኝ» ይሉ ነበር። መነጽር ኖሯቸው አያውቅም። ጋሼ በ1964 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገቡ፤ ፊደል እንደለዩም የአባታቸው መነጽር ሆኑ። ጓደኞቻቸው ትምህርታቸውን ለማሳየት ጮኸው ሲያነቡ፣ እርሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማንበብ የለመዱት በዚያ የእንጨት ብናኝ ውስጥ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሁለተኛ ሙከራ አጠናቀው በ1978 ዓ.ም. በከተማው ቤተ መጻሕፍት በመደርደሪያ ሠራተኛነት ተቀጠሩ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ ማዋሻው ባንኮኒ ተዛወሩ። የዚያን ጊዜው አሠራር እንዲህ ነበር፦ በየመጽሐፉ የኋላ ልባድ ላይ ኪስ አለ፤ ኪሱ ውስጥ ካርድ አለ፤ ካርዱ ላይ የተዋሰው ሰው ስም ይጻፋል። ስለዚህ መጽሐፉን ቀጥሎ የሚወስድ ሁሉ ከእርሱ በፊት እነማን እንደወሰዱት ቁልጭ አድርጎ ያያል። ልብ ወለድ ወይም ጂኦሜትሪ ለሚዋስ ሰው ይህ ምንም አይደል። ስለ ሚጥል በሽታ፣ ስለ ስካር፣ ስለ መካንነት፣ ስለ ፍቺ ለሚያነብ፣ ወይም በስተርጅና ፊደል ለሚቆጥር ሰው ግን አደባባይ ከመሰጣት አይተናነስም። ከተማችን ደግሞ አንዱ ሲያስነጥስ በሦስተኛው ሰፈር «ይማርህ» የሚባልባት ናት።

ጋሼ ለእነዚህ ሰዎች መላ ነበራቸው። ካርዱን አይጽፉም፤ ማኅተሙንም አይመቱም። መጽሐፉን በባንኮኒው ሥር ያቀብላሉ፤ ተቀባዩም በኮቱ ወይም በነጠላው ሥር ይዞት ይወጣል። ማን ምን እንደወሰደ ሆዳቸው ብቻ ያውቃል። በዚህ መንገድ ወጥቶ ሳይመለስ የቀረ መጽሐፍ አልነበረም አንልም፤ ነበረ። ጋሼ ሄደው አንድም ቤት አላንኳኩም።

በ1986 ዓ.ም. ልብስ ሰፊ የሆኑትን ባለቤታቸውን አገቡ። በመጽሐፍ ነው የተዋወቁት ብለን እዚህ ላይ ብናቆም ነገሩ ዘፈን ይመስል ነበር። መጽሐፉ ስለ ጽንስ መውረድ ነው። ባለቤታቸው በፊተኛው ትዳራቸው ሁለት ጽንስ ወርዶባቸው፣ ባልየውም «ምድረ በዳ» ብሎ ሸኝቷቸው ነበር። ወደ ባንኮኒው ቀርበው የሚፈልጉትን በምልክት ያህል ከተናገሩ በኋላ «መቼ ልመልሰው?» ቢሏቸው ጋሼ «ሲበቃዎት» አሏቸው። መጽሐፉን ከመለሱ በኋላም ያለ ጉዳይ መመላለሱን አልተዉም። ይህ እንዲነበብ የፈቀዱት ራሳቸው ናቸው። ምድረ በዳ ከተባሉት ከእኚህ ሴትም በ1989 ዓ.ም. ልጃቸው ተወለደች፤ ዛሬ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናት።

እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ኑሯቸው እንዲህ ቀጠለ። በዚያ ዓመት ቤተ መጻሕፍቱ ወደ ኦንላይን ሲስተም እንዲዞር ተወሰነ፤ አዲስ ኃላፊም መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አሁንም ከመካከላችን ቆመዋል። ሠራተኛው ሁሉ እንዲሠለጥን፣ ያልቻለም ከባንኮኒው እንዲነሣ ታዘዘ። ጋሼ ኪቦርዱን ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም በአንድ ጣት ይለቅሙት ጀመር።

«አባባ፣ አይፍሩት፤ ዝም ብለው ይጫኑት» አላቸው አሠልጣኙ።

«ብጫነውና ቢጠፋስ?»

«ምንም አይጠፋም።»

ተጫኑት። ጠፋ። አሠልጣኙም ወንበሩን ሳብ አድርጎ «ቆይ፣ ምኑን ነው የነኩት?» አለ፤ እስከ ምሳ ሰዓትም ሁለቱ አብረው ሲፈልጉት ዋሉ።

ሌላ ቀን ሲስተሙ ሮቦት አለመሆናቸውን እንዲያረጋግጡ ጠየቃቸው፤ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ፎቶዎች ሁሉ መርጠው እንዲነኩ። ጋሼ ሐቀኛ ሰው ናቸውና ምሰሶው ከመብራቱ ይቆጠር አይቆጠር እንደሆነ ሲያወጡ ሲያወርዱ ጊዜው አለቀባቸው። ማታ ባለቤታቸው «እንዴት ዋልክ?» ቢሏቸው «ሰው መሆኔን አላመነም» ብለው ጫማቸውን ሳያወልቁ ተኙ። በሌላ ሳምንት ደግሞ «ሁሉንም ምረጥ» የሚለውን ነክተው ለከተማው አንባቢ በሙሉ «የተዋሱትን መጽሐፍ ባስቸኳይ ይመልሱ» የሚል መልእክት ላኩ። በማግሥቱ አንድ ጡረተኛ ዳኛ በዕድሜያቸው መጽሐፍ ተውሰው እንደማያውቁ ሊምሉ መጡ። አንድ ነጋዴ ግን «ነገሩ እዚህ ከደረሰማ» ብሎ በተማሪነቱ የወሰደውን አትላስ አስረከበ።

የሥልጠናውን ፈተና በሦስተኛው ሙከራ አለፉ። ሲስተሙን በቅጡ ማየት እንደቻሉም መጀመሪያ ያዩት መርዷቸውን ነው። ማንም ተውሶት የማያውቅ መጽሐፍ ስሙ አጠገብ ቀይ ምልክት ይደረግበታል፤ ቀይ ያለበት ሁሉ ተጭኖ ወደ ወረቀት ፋብሪካ ይሄድና ይፈጫል። ሲስተሙ ያንን ያወቀው ከድሮዎቹ ካርዶች ነው። ቀይ የሆኑት ደግሞ ጋሼ ካርድ ያልጻፉላቸው መጻሕፍት ነበሩ። ሰው በሌባ እጅ የተቀበላቸው ሁሉ፣ ማንም ያልነካቸው ተብለው ተሰልፈው ቆሙ።

ጋሼ ኃላፊዋ ቢሮ ገቡ። «እነዚህ ይነበባሉ» አሏቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ሰው እንኳ አልወሰዳቸውም እኮ።»

«ተወስደዋል።»

«ማን ወሰዳቸው?»

ጋሼ የጠረጴዛውን ጠርዝ አቧራ በመሐረባቸው ጠረጉ።

«አዩ፣ እኔ ግትር አይደለሁም። የወሰዷቸውን ሰዎች ስም ያምጡልኝ፤ ዛሬውኑ አስገብቼ ቀዩን አነሣዋለሁ። ስም ከሌለ ግን ለሲስተሙ አልተነበበም ማለት ነው። በወሩ መጨረሻ መኪናው ይመጣል።»

ቤት ሲገቡ እህል አልወርድ አላቸው። ባለቤታቸው ነገሩን አውጣጥተው ሲሰሙ ተቆጡ። «ታዲያ ስም ጥራላቸውና ተገላገል! ግማሾቹ ሞተዋል። የሞተ ሰው ምን ያፍራል?»

«ልጆቻቸው አሉ።»

«የኔስ ስም?»

«ያንቺ ያንቺ ነው። እንደፈለግሽ አድርጊው።»

በማግሥቱ ባለቤታቸው የክት ልብሳቸውን ለብሰው ኃላፊዋ ፊት ቆሙ፤ መጽሐፉን ጠርተው፣ ለምን እንዳነበቡትም ጨምረው «በይ ጻፊኝ፤ ሙሉ ስሜን» አሏቸው። የአንድ መጽሐፍ ቀይ ተነሣ። የሌሎቹ ግን እንዳለ ነበር።

ጋሼ ወደ ማሽኑ ተመለሱ። አሁን የሚማሩት ለፈተና አልነበረም። አንድ አንባቢ በኦንላይን በአንድ ጊዜ መዋስ የሚችለው ሦስት መጽሐፍ ነው፤ የተዋሱት መጽሐፍ ቀዩ ወዲያው ይጠፋል። በራሳቸው ስም ሦስት ተዋሱ። ከዚያ ወደ ዘመድ ዞሩ። እዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ «እባክህ ስምህን ለጥቂት ጊዜ አውሰኝ» ብለው እንደለመኗችሁ ታስታውሳላችሁ። እህታቸው «ዋስ ልሁንህ ነው?» ብለው መታወቂያቸውን ከቦርሳ መዘዙ። የባለቤታቸው ወንድም በስማቸው የሚወጣው መጽሐፍ ስካርን ስለመተው እንደሆነ ሲነገራቸው «ኧረ ጻፈው! ይህን የማያውቅ ማን አለ?» ብለው ሳቁ። ግን ሁሉም እንዲህ አልነበረም። አንድ የቅርብ ዘመድ «ስለ እብደት? በኔ ስም? ለልጄ ሽማግሌ በተላከ ሰሞን?» ብለው በሩን ዘግተውባቸዋል። ጋሼ አልተቀየሟቸውም። «ልክ ናቸው» ብቻ አሉ።

ለያንዳንዱ ስም ኢሜይል መክፈት፣ ለያንዳንዱ ኢሜይል የይለፍ ቃል ማበጀት ያስፈልግ ነበር። አንድ ጊዜ ሰውነታቸውን ማስመስከር ያቃታቸው ሰው፣ አሁን ዘመዱ ሁሉ ሮቦት አለመሆኑን ሲያስመሰክሩ ዋሉ። ዓይናቸው ደም ለበሰ፤ አንገታቸው አልዞር አለ። ባንኮኒው ላይ ምሳቸው ሳይፈታ ይውላል። ቀዩ ግን ከገጹ ላይ እየሳሳ ሄደ።

መኪናው ሊመጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሲስተሙ ነቃ። ይህ ሁሉ አንባቢ ከአንድ ማሽን ለምን መጣ ብሎ ስሞቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ዘጋ፤ ቀዩም በአንድ ጊዜ ተመለሰ። የጋሼም መግቢያ ለአንድ ወር ተቆለፈ። «ፈቃድ የለዎትም» የሚለውን ጽሑፍ ደጋግመው ሲጫኑት የሥራ ባልደረቦቻቸው እጃቸውን ይዘው አስነሧቸው። ኃላፊዋ ዘንድ ሄደው «እንግዲያው ሊፈጩ ከሆነ ቤቴ ልውሰዳቸው» ብለው ለመኑ። የመሥሪያ ቤት ንብረት ለግለሰብ አይሰጥም ተባሉ።

መኪናው የመጣው ሚያዝያ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። የቀን ሠራተኞቹ መጻሕፍቱን እየወረወሩ መጫን ሲጀምሩ ጋሼ ወጡ። «ልጆቼ፣ እባካችሁ አትወርውሩ፤ እኔ አቀብላችኋለሁ» አሉ።

«አባት፣ ሊፈጩ እኮ ነው!»

«ዐውቃለሁ።»

እያንዳንዱን በመሐረባቸው እየወለወሉ አቀበሉ። መንገደኛው ቆም እያለ ያያል። ጋሼ ግን አንድም ጊዜ ቀና ብለው ወደ መንገዱ አልተመለከቱም። ዓይናቸው ያረፈበት ሰው ይጠረጠራል ብለው ነው።

ከዚያ በኋላም ሰው ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ ማድረጉን አልተወም። ጋሼ «የለም» ይሉታል። ያቺን አንዲት ቃል ባሏት ቁጥር እንደሚያንሱ ባልደረቦቻቸው ያስተውሉ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ እግራቸው ያብጥ፣ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር፤ ሐኪም ልብ ነው አለ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና እህታቸው በሐዘን ላይ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣቸው የማንችል ሌሎች ብዙ ሐዘንተኞችም እንዳሏቸው እናውቃለን። ጋሼ የመጣባቸውን ሁሉ ለምን መጣህ ሳይሉ እንደተቀበሉ፣ ፈጣሪም ነፍሳቸውን ሳይጠይቅ ይቀበላት። ለቀረነውም ብርታቱን ይስጠን።

ቀጥሎ ያለው እንዲነበብ የጠየቁት ኃላፊዋ ራሳቸው ናቸው። ጋሼ ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ሆስፒታል መጥተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። መኪናው ከወሰዳቸው መጻሕፍት አንዱ ከጠጪ ባል ጋር ስለመኖር የሚናገር ነበር፤ ልባዱን ያዩት ከተጫነ በኋላ ነው። ኃላፊዋ ልጅ ሳሉ እናታቸው ያንኑ የመሰለ መጽሐፍ ዱቄት ውስጥ ይደብቁ እንደነበር ነገሯቸው።

«ጋሼ፣ እናቴ እርስዎ ዘንድ ትመጣ ነበር?»

ጋሼ ጣሪያውን አዩ።

«ሞታለች እኮ። እኔ ልጇ ነኝ። ሌላ የሚሰማ የለም።»

«አልናገርም።»

«እሺ፣ አይንገሩኝ። ለምን እንደማይነግሩኝ እንኳ ያስረዱኝ።»

«አላስረዳም» አሉ።